ወደ ኋላ የሄደች ኳስ

የውድ ዕቃና የርካሽ ዕቃ ልዩነት ምንድን ነው? እኔን ብትጠይቁኝ፣ ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ ያለው ሻጩ በሚምለው መሐላ ርዝመት ላይ ነው እላለሁ። ዛሬ ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ግቡና አንድ ጫማ አንሥታችሁ «ኦሪጅናል ነው?» በሉት፤ ልጁ በእናቱ ይምላል። ከጎኑ ያለውን፣ ዋጋው ግማሽ የማይሞላውን አንሡና ያንኑ ጠይቁት፤ በዚያችው እናቱ ይምላል። ሁለቱንም ብትገዙ ሁለቱም ለአንድ ክረምት ያገለግሉና በመስከረም አፋቸውን ይከፍታሉ። እናትየው ምን በደለች?

እኛ ወጣት በነበርንበት በደርግ ዘመን ግን ይህ ጭንቀት አልነበረብንም። የቀበሌ ሱቅ ሳሙና አንድ ዓይነት ነው። ካኪው አንድ ዓይነት ነው። ሸራ ጫማውም አንድ ዓይነት ሆኖ የሚለያየው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ የእናንተ ቁጥር ካለቀ ደግሞ የጎረቤታችሁን ቁጥር ተጫምታችሁ እያነከሳችሁ ወደ ስብሰባ ትሄዳላችሁ። ያኔ ሰው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ዛሬ መጥቷል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ከመሰሉ የሚበልጥበትን ምስጢር ገልጦ የሚያሳየኝ ሳላገኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ። በኋላ ገርጂ ሜዳ ላይ፣ ከዶሮ እንቁላል በምታንስ አንዲት ነጭ ኳስ አየሁት፤ ያን ቀን የከፈትሁት አፍ እስከ አሁን በደንብ አልተዘጋም።

የጎልፍ ኳስ ነው የምላችሁ። አትሳቁ። በዚያ ዘመን ጎልፍ የሚጫወት ሰው ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። የወዳጅ አገር ዲፕሎማት ከሆነ ይጫወታል፤ አብዮቱም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።

ያን ጊዜ የምሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ከውጭ በአየር የመጣ ዕቃ ባለቤቱ እስኪወስደው በሚቀመጥበት መጋዘን ነበር። እኔ ታይፒስት ነኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ ለተብርሃን ይባላሉ፤ እኛ «እትዬ ለተብርሃን» እንላቸዋለን። ሀምሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ከትግራይ በልጅነታቸው የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሐምሌም ይሁን ሚያዝያ ያው ጥቁር ሹራብ የማይለያቸው ቀጭን ሴት ናቸው። የመጋዘኑን በር ያለ ፊርማ አይከፍቱም። ሥራ አስኪያጁም ቢመጣ ያስፈርሙታል። አንድ ቀን መነጽራቸውን ውስጥ ረስተው ቆልፈው ወጡና፣ ተመልሰው ለመግባት ለራሳቸው የመግቢያ ቅጽ ሞሉ። ጠያቂ በሚለው ላይ ፈረሙ፤ ፈቃጅ በሚለውም ላይ ፈረሙ። ያለ መነጽር ስለ ነበር ሁለቱም ፊርማዎች መስመራቸውን ስተዋል። ቅጹን ፋይል ያደረግሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ በእኒህ ሴት ላይ ነው ደብዳቤ የመጣው።

ደብዳቤውን የጻፈው አንድ ሽማግሌ ዲፕሎማት ነው፤ ስሙንም አገሩንም አልጠራም። ሰውየው ጎልፍ ይወድዳል። ከመጨረሻው ውድ ከሚባለው ኳስ አንድ ካርቶን በአውሮፕላን አስመጥቶ ከእኛ መጋዘን ፈርሞ ወሰደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ ኳሶቹ ሃያ ዓመት ሙሉ የማውቃቸው ኳሶች አይደሉም፤ አገሬ ከሚገኝ የአስቤዛ ሱቅ ለመለማመጃ በከረጢት ከምገዛቸው፣ ሱቁ በሳሙናውና በብስኩቱ ላይ የሚያትመውን የራሱን ስም ካተመባቸው ርካሽ ኳሶች በምንም አይሻሉም፤ ካርቶኑም ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ነበር፤ የቀረውን ለእናንተ ትቻለሁ።

ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲተላለፍ በየደረሰበት አንድ ማኅተምና አንድ ኃይለ ቃል እየተጨመረበት መጣ። እኛ ዘንድ ሲደርስ «የወዳጅ አገር ዲፕሎማት ንብረት በመጋዘን ውስጥ በሌላ ስለ መለወጡና የኢኮኖሚ አሻጥር ስለ መጠርጠሩ» የሚል ርእስ ይዟል። አሻጥር የሚለውን ቃል ዛሬ በቀልድ እንጠቀምበታለን። ያኔ ሰውን ከወንበሩ አንሥቶ፣ የት ሄደ ተብሎ ወደማይጠየቅበት የሚወስድ ቃል ነበር።

ካርቶኑ ተከፍቶ መታሸጉ እውነት ነው። በዚያ ዘመን ሳይከፈት የሚያልፍ ካርቶን አልነበረም። ፈታሾች ከፈቱት፣ አዩት፣ ሄዱ፤ እትዬ ለተብርሃን በራሳቸው እጅ አሸጉት። ሲከፈት ያየ አለ፣ ሲታሸግ ያየ የለም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ የፖለቲካ ክፍሉ ጓድ ታደለ፣ ጸሐፊዋ እኔ። ሦስተኛው አባል የተመረጠ ዕለት ወገቡን አመመውና ነገሩ እስኪያልቅ አልዳነም። ጓድ ታደለ ሠላሳ ያልሞላው፣ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ደካማ ነው እንዳይባል ግን በጣም ይፈራ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ፍርሃት ከክፋት ያልተናነሰ ሥራ ሠርቷል።

የመጀመሪያው ቀን እትዬ ለተብርሃንን ቁልፍ አስረከቡና ከመጋዘን ሥራ አገዷቸው። በማግስቱ ጠዋት አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዘው መጡ። ምን እንደ ያዘች ስጠይቃቸው ከፍተው አሳዩኝ፤ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ነጠላ፣ መፋቂያ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ።

«ከዚሁ የሚወስዱኝ እንደ ሆነ ብዬ ነው፣ ልጄ። እቤት ድረስ መጥተው ጎረቤት እንዳያስደነግጡ» አሉኝ።

ድምፃቸው የመግቢያ ቅጽ ሲያስሞሉ የሚናገሩበት ያው ድምፅ ነው። እኔ ወደ ታይፕ ክፍል ተመልሼ ማሽኑ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ከትቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ።

ቁልፍ የሌላቸው እትዬ ለተብርሃን ቀኑን የሚውሉት በር ላይ፣ ከዘበኛው ከጋሽ ጉርሜሳ ጎን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ጋሽ ጉርሜሳ የዚያው የቦሌ ለሚ ተወላጅ ነው፤ ዛሬ ፋብሪካ የተሠራበት አካባቢ ያን ጊዜ የጤፍ ማሳ ነበር። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ እግሩ እስኪደርስ የሚወርድ የወታደር ካፖርት ይለብሳል። አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ ከሰላምታ በቀር ሦስት ዓረፍተ ነገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ከዲፕሎማቱ የተላኩትን ኳሶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ስድስት ውድ፣ ስድስት ርካሽ። ጓድ ታደለ አንዱን አንሥቶ ያያል፣ ሌላውን አንሥቶ ያያል፣ ያሸታል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ፈንጣጣ የወጣበት ፊት የመሰለ ጉድጓድ ጉድጓድ አላቸው። ከታተመባቸው ጽሑፍ በቀር ልዩነት የለም፤ ጽሑፍ ደግሞ ማንም ማተሚያ ያለው ሰው ይጽፋል። በሩ ተንኳኳና ጋሽ ጉርሜሳ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ።

«ምን ፈለግህ?» አለ ጓድ ታደለ።

«ይቅርታ፣ ጓድ ሊቀመንበር። እትዬ ለተብርሃን አልለወጡም። ኳሶቹ ራሳቸው ናቸው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«በንጉሡ ጊዜ ፈረንጆች ይህን ሲጫወቱ ቦርሳቸውን እሸከም ነበር። ዘጠኝ ዓመት።» ቀጠል አደረገና፣ «ዓይኔን ይሸፍኑኝ» አለ።

ጓድ ታደለ እኔን አየኝ። እኔ ነጠላዬን አወለቅሁ። ጋሽ ጉርሜሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ፤ ዓይኑን በነጠላዬ ሸብ አደረግሁለት። ጓድ ታደለ አንዱን ኳስ ሲሚንቶው ላይ ጣለ።

«የሱቅ» አለ ጋሽ ጉርሜሳ።

የሱቅ ነው። ሌላ ጣለ።

«የሱቅ።»

ሌላ።

«ይቺ ውዷ ናት።»

አሥራ ሁለቱንም ጣለ። ከዚያ አደባልቆ እንደገና ጣለ። ከፍ አድርጎ ጣለ፤ ዝቅ አድርጎ ጣለ፤ ሊያታልለው ብሎ አንዱን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጣለ። ጋሽ ጉርሜሳ አንድም አልሳተም። እኔ ጆሮዬን አቅንቼ ልዩነቱን ለመስማት ሞከርሁ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሲሚንቶና ኳስ ከመጋጨታቸው በቀር የሰማሁት ነገር የለም። ያ ሰው ግን ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ቆሞ፣ ደጅ እንደ ቆመ ዘመድ እያንዳንዷን በድምፅዋ ለየ። አምስት ዓመት ሙሉ «እንዴት አደርህ ጋሽ ጉርሜሳ» እያልሁ በጎኑ ሳልፍ ከማን ጎን እያለፍሁ እንደ ነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ጓድ ታደለ ላብ ላብ አለው። «ይሄ በቃለ ጉባኤ እንዴት ይጻፋል?» አለኝ በሹክሹክታ። «የዘበኛ ጆሮ ብለን እንጻፍ?»

«ሜዳ ላይ ላሳያችሁ» አለ ጋሽ ጉርሜሳ ነጠላዬን እያጠፈ። «ሰውየውም ይምጣ።»

ቅዳሜ ጠዋት ገርጂ ሜዳ ወጣን። ጥቅምት ነው። ዛሬ ሰማዩን ፎቅ የሸፈነው ያ ሁሉ አገር ያን ጊዜ ግጦሽ ነበር፤ ሣሩን ከብቶች አሳጥረውት እንደ ምንጣፍ ሆኗል። ዲፕሎማቱ በመኪና መጣ፤ የዱላ ቦርሳው ከእሱ ይከብዳል። ጠጅ ሳይጠጣ ፊቱ የቀላ፣ ወፍራም፣ ትንፋሹ ቶሎ የሚያጥረው ሽማግሌ ነው፤ ለእትዬ ለተብርሃን ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣ። ከሳሹ እንዲህ ትሑት መሆኑ እሳቸውን ይበልጥ አስፈራቸው መሰለኝ፤ ቦርሳቸውንና ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው አቀፉ። እንግሊዝኛውን የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ሰውየው ርካሿን መታ። ኳሷ ሄደች ሄደችና ወደ ቀኝ ታጥፋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ቀጥሎ ውዷን መታ። ሄደች፣ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ያው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች።

«አያችሁ? አንድ ናቸው» አለ እያለከለከ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ናቸው። ጓድ ታደለ ማስታወሻውን አወጣ። እትዬ ለተብርሃን መሬት መሬት አዩ።

«ዱላውን ያውሰኝ በይልኝ» አለኝ ጋሽ ጉርሜሳ።

ዲፕሎማቱ ዘበኛውን ከላይ እስከ ታች አየውና ቦርሳውን ሁሉ አቀረበለት። ጋሽ ጉርሜሳ ካፖርቱን አውልቆ ለእትዬ ለተብርሃን ሰጠ፤ እሳቸውም እንደ መጋዘን ዕቃ አጥፈው ተረከቡት። ቦት ጫማውን አወለቀ። በባዶ እግሩ ሣሩን ረገጥ ረገጥ አደረገና ረጅሙን ዱላ መረጠ። ከዚያ ያ ሁሉ ቁመት፣ ያ በር ላይ ታጥፎ የሚውል ሰውነት እንደ ወንጭፍ ሲጠማዘዝና ሲፈታ አየሁ። ድምፁን እንጂ ኳሷን አላየሁም። ስፈልጋት ስፈልጋት ከባሕር ዛፎቹ በላይ ሰማይ ላይ ነጥብ አክላ አገኘኋት፤ እዚያ ላይ የቆመች ትመስል ነበር። ሁለተኛዋንም መታ።

የመጀመሪያዋ ርካሿ ነበረች፤ ከውዷ ሠላሳ እርምጃ ያህል አልፋ ወድቃ እየነጠረች ሮጠች።

«እንግዲያው ርካሿ በለጠች!» አለ ጓድ ታደለ፤ ፊቱም ጠቆረ። ርካሿ ከበለጠች ውድ የተባለችው ውድ አይደለችም ማለት ነዋ። እትዬ ለተብርሃን በትግርኛ «ዋይ አነ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ትበልጣለች» አለ ጋሽ ጉርሜሳ ሳይቸኩል። «እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ ትበልጣለች። ርካሿ ሯጭ ናት። ማቆም ግን አታውቅም፤ ውዷ ሰሚ ናት።» ወደ እትዬ ለተብርሃን ዞረና፣ «እትዬ፣ ጃንጥላዎን ልዋስ?» አለ።

ጃንጥላውን ወስዶ ከመቶ እርምጃ በላይ ርቆ መሬት ላይ አጋደመው። ተመልሶ አጭር፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ያጋደለ የብረት ዱላ አነሣ። ርካሿን መታ፤ ወጣች፣ ጃንጥላው አጠገብ አረፈች፣ ከዚያ ደህና ሁኑ ብላ እየዘለለች ሃያ እርምጃ ያህል አለፈች። ውዷን መታ።

ይህችን በዓይኔ ተከትያታለሁ። ቀጥ ብላ ወጣች፤ ከላይ ቀጥ ብላ ወረደች፤ ጃንጥላውን ሦስት አራት እርምጃ አልፋ አረፈች፤ አንድ ጊዜ ነጠረች፤ የረሳችው ነገር ትዝ ያላት ይመስል ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰች። አዎ፣ ወደ ኋላ። ማንም ሳይነካት፣ ሜዳው ሳያዘቀዝቅ፣ ቀስ እያለች መጥታ ጃንጥላው ላይ ተደገፈች።

እንግዲህ አስቡት፣ ዘመኑ «ወደፊት!» የሚባልበት ዘመን ነው። ስንሰለፍ ወደፊት፣ ስንዘምር ወደፊት፣ ደብዳቤ ስንዘጋ ወደፊት። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሊቀመንበሩ ቆሞ እያየ፣ በገዛ ፈቃዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ያየሁት ነገር ያቺ ኳስ ብቻ ናት።

«ማን ጎተታት?» አለ ጓድ ታደለ። ሮጠ። ጃንጥላው አጠገብ ተንበርክኮ ሣሩን በእጁ ይዳስስ ጀመር። «ክር አለ! የታሰረ ክር አለ!»

«አንዴ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ይምታ» አለ ዲፕሎማቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጋሽ ጉርሜሳ ሦስት ጊዜ መታ። አንደኛዋ ባለችበት ቆመች። ሁለቱ ተመለሱ። ጓድ ታደለ ከጃንጥላው ጎን እንደ ተንበረከከ ኳሶቹ በጉልበቱ አጠገብ ሲያልፉ በአፍንጫው ተከተላቸው፤ ክር የለም።

«ክሩስ አለ። ውስጧ ነው፤ ስትመታ ወደ ኋላ የሚያሽከረክራት እሱ ነው» አለ ጋሽ ጉርሜሳ።

ዲፕሎማቱ አንዷን አነሣና «ቁረጧት» አለ። ጓድ ታደለ የኪስ ቢላዋውን አወጣ። ጋሽ ጉርሜሳ ተቀብሎ የላይኛውን ቅርፊት እንደ ብርቱካን ዙሪያውን በጥቶ ላጠው። ከውስጥ ሌላ ኳስ ወጣ፤ ከሹራብ ክር በቀጠነ፣ እስከ መጨረሻው ተወጥሮ በተጠመጠመ ላስቲክ የተሠራ። ቢላዋው አንዷን ክር ሲነካ ኳሷ መዳፉ ላይ ተንዘፈዘፈች። ሕይወት ያላት ነበር የምትመስለው።

«ጫፉን ይያዙና ይሂዱ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ።

ጓድ ታደለ ጫፉን ይዞ ሄደ። ጋሽ ጉርሜሳ ኳሷን መዳፉ ውስጥ እያሽከረከረ ለቀቀለት። ሊቀመንበሩ ጃንጥላውን አለፈ። ክሩ ተበጠሰ፤ ቋጠሩት፤ ቀጠለ። ከብቶቹን አለፈ። እንደገና ተበጠሰ፤ ቋጠሩት። የካኪ ኮቱን ቁልፎች ከአንገቱ ጀምሮ ሲፈታ ከሩቅ ይታየኛል።

«አላለቀም?» ብሎ ይጮሃል ከዚያ ማዶ።

«አላለቀም!» እንለዋለን ሁላችንም፣ ዲፕሎማቱም ጭምር፣ በአማርኛ።

ሣር የተሸከመች አንዲት የመንደሩ ሴት ቆማ ስታየን ቆየችና በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ጋሽ ጉርሜሳ ሲመልስላት ሣቀችና መንገዷን ቀጠለች። ምን እንዳለች ስጠይቀው «መሬቱን ልትወስዱት ነው የምትለኩት? አለች። ኳስ እየለካን ነው አልኳት» አለኝ።

በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ክር መሐል የወይን ፍሬ የምታክል ለስላሳ ነገር ቀረች፤ ውስጧ ውኃ መሰል ነገር አለ፣ ሲነኳት ትርበተበታለች። «እሷን አትውጉ፤ ዓይን ታጠፋለች ይባላል» አለና ጋሽ ጉርሜሳ እትዬ ለተብርሃን መዳፍ ላይ አኖራት። ጓድ ታደለ ከሜዳው ማዶ ክሩን እየሰበሰበ መጣ። ክንዱ ሙሉ ላስቲክ ነው። አራታችን በአንዲት ሴት መዳፍ ዙሪያ አንገታችንን አሰገግን።

«ይህን ሁሉ ማን ጠቀለለው?» አሉ እትዬ ለተብርሃን። ከእሳቸው ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው።

«ማሽን ነው ይላሉ» አለ ጋሽ ጉርሜሳ።

«ማሽኑንስ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ማን አስተማረው?»

ሰው ለጨዋታ ብሎ፣ ማንም ለማያየው የኳስ ሆድ፣ ይህን ያህል መጨነቁ ሁላችንንም አስደንቆን ነበር። እኛ ለሚታየውም አንጨነቅም።

ዲፕሎማቱ ግን የሚያየው ኳሷን አልነበረም። የራሱን እጆች ዘርግቶ ያያል። ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። ጠዋት ሲመጣ አላስተዋልሁትም ነበር።

«ኳሶቹ አልተለወጡም» አለኝ። «እነዚህ ናቸው የተለወጡት። ንገሪያቸው።»

ተረጎምሁ። እትዬ ለተብርሃን በትርጉሙ አልረኩም፤ «በጽሑፍ ይስጡኝ በይልኝ» አሉ። ሰውየው መኪናው ላይ ተደግፎ እዚያው ጻፈ፣ ፈረመ፣ ቀን አደረገበት። እሳቸው አንብበው፣ ማለትም እኔ አንብቤላቸው፣ አጥፈው ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩት። ከዚያ የተቆረጠችውን ኳስ ቅርፊት ለቅመው «በኮሚቴ የተከፈተ» ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዙ። ጓድ ታደለ «እሺ» አለ። ወደ መኪናው ስንሄድም «ጋሽ ጉርሜሳ፣ ከፊት ይግቡ» ሲል ሰማሁት፤ «አንተ» ማለቱን ሜዳው ላይ ጥሎት ነው የመጣው።

ሰኞ እትዬ ለተብርሃን ቁልፋቸውን ተረከቡ። ቦርሳዋን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጠረጴዛቸው ሥር አላነሷትም። «አይታወቅማ» ይላሉ።

የቀረው ቃለ ጉባኤው ነው። የበላይ አካል ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋል፦ ርካሹ ኳስ ከውዱ ጋር እኩል ነው ወይስ አይደለም? ጓድ ታደለ ጋሽ ጉርሜሳን አስጠርቶ ጠየቀው።

«ለሚስተር እኩል ነው፤ ለእኔ እኩል አይደለም» አለ።

ጓድ ታደለ በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቀመጠ። ዲፕሎማቱ ላይ ተሳለቃችሁ እንዳይባል ፈራ፤ ዘበኛ ከዲፕሎማት ይበልጣል ብሎ መጻፍ ደግሞ ለአብዮቱ ጥሩ መስሎት ነበር፤ እንደገና ሲያስበው አልመሰለውም። በመጨረሻ «ኳሶቹ ተመርምረው ትክክለኛ ሆነው ተገኝተዋል» በይና ዝጊው አለኝ። ዘጋሁት። ከማኅተሙ በፊት «ወደፊት» የሚለውን ስጽፍ ግን ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን፤ እንዳንተያይ።

ዲፕሎማቱ ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ጋሽ ጉርሜሳን በመኪና እያስወሰደ አብሮት ይጫወት ጀመር። ወደ አገሩ ሲመለስ ከተረፉት የሱቅ ኳሶች በቀር ሁለት ነገር ተወለት፤ ያችን አጭር የብረት ዱላና ያልተከፈተ አንድ ሙሉ ካርቶን ውድ ኳስ። ከዓመታት በኋላ፣ ጋሽ ጉርሜሳ ጡረታ ወጥቶ አሞት ነበርና፣ እኔና እትዬ ለተብርሃን ልንጠይቀው ቦሌ ለሚ ሄድን። ድኖ ደጅ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ግቢው ዳር ሣሩ የተላጨ ቦታ አለ፤ በየሥፍራው የሱቅ ስም የታተመባቸው ኳሶች ወድቀዋል፣ አንዳንዶቹ ቢጫ ሆነዋል፣ አንዷን ዶሮ ታቅፋታለች። ቤት ስንገባ ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ፣ ከመስታወቱ ጎን፣ እንደ ታሸገ ተቀምጧል። እትዬ ለተብርሃን ጠጋ ብለው ማሸጊያውን መረመሩ፤ ልማድ ነው።

«አንድም አልመታሃቸውም?» አልሁት።

«አንድ ቀን አንዷን አወጣሁና ሣሩ ላይ አኖርኋት።» ሣቁ መጣበት። «ዱላዬን አነሣሁ። ብትጠፋስ? አልሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ። መልሼ ከተትኋትና ካርቶኑን እንደገና አሸግሁት።»

«ገርጂ ሜዳ ላይ አልተንቀጠቀጠም ነበር እኮ፣ ጋሼ! ያውም ሊቀመንበሩ ተንበርክኮ፣ የእትዬ ለተብርሃን ነፍስ በእጅህ ላይ ሆኖ!»

ጋሽ ጉርሜሳ እኔን ትኩር ብሎ አየኝ፤ እንዲህ ግልጽ የሆነ ነገር እንዴት ይጠፋታል በሚል አስተያየት።

«ያኔማ» አለ፣ «ኳሷ የሰው ነበረች!»